አንሳት፣ ሻምፒዮን

ሙራጉሪ ጨዋታ ሸጧል የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ። የዱላ ቦርሳውን የምሸከምለት እኔ ነኝ፤ የሚሸጥ ነገር ቢኖር ኖሮ በእኔ ትከሻ በኩል ነበር የሚያልፈው። ስሜ ጋቶኒ ነው። እዚህ ከሊሙሩ ከፍ ብሎ ባለው የጎልፍ ክበባችን ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ፖሊሷ ነው የሚሉኝ። ሰው ስለማላምን ነው። እኔም ቅር አይለኝም፤ ማመን የሚባለውን ነገር በወጣትነቴ ሞክሬው አላዋጣኝም።

ሙራጉሪን ለማያውቀው ልንገረው። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሲያስብ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል። አባቱ የዚህን ክበብ ሳር ሲያጭዱ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሱ እንደኛው ቦርሳ ተሸክሞ አደገ፤ በተውሶ ዱላ እየመታ ተማረ፤ ኋላም ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። ከእኛ መሀል እዚህ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ቤቱ ከሻይ ማሳው ግርጌ ነው፣ ጓሮው ድንች ነው። ሚስቱ ሙምቢ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ናት፤ ስትቆጣ እንኳ በዜማ ነው የምትቆጣው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። በውድድር ዋዜማ ሙኪሞ ካልበላ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ድንቹና በቆሎው ዓይኔ እያየ ካልተደቆሰ ደግሞ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይታወቃል፣ ሰው ክፉ ነው።

ከሩቅ ሲመታ ለማየት ሰው ከናይሮቢ ድረስ ይመጣል። አይቸኩልም፣ አይጨነቅም፤ ኳሷ ሸለቆውን ተሻግራ ባንዲራው የተተከለበት የተላጨ ሳር ላይ ቁጭ ትላለች። ጣጣው የሚመጣው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ስትቀር፣ ትንሿ ልጄ ዓይኗን ጨፍና የምታስገባት ቦታ ላይ ስትሆን፣ ያ ሁሉ ሰውነት ይርዳል። ይቺን ምት እኛ አጭሯ እንላታለን። ሁልጊዜም አይደለም የሚርደው። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል፣ ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ሲታይ ብቻ ነው።

በአገሪቱ ሻምፒዮና አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። ሞምባሳ ላይ አጭሯ የጉድጓዱን ከንፈር ዞራ ወጣች፤ ነፋስ ነው አልን። ናኩሩ ላይ ሳትደርስ ቆመች፤ ሳሩ እርጥብ ነው አልን። ናይሮቢ ላይ በቀኝ በኩል አልፋ ሄደች፤ ያን ጊዜ እኛ የምንለው አጣን፣ ሰው ግን የሚለው አላጣም። በራችን ላይ የሚቆሙት ቦርሳ ተሸካሚዎች ምክትል ሻምፒዮን ይሉት ጀመር፤ ፊቱ ላይ ሳይሆን ዞር ሲል። ባለፈው ዓመት ኤልዶሬት ላይ ለአራተኛ ጊዜ ስቷት ስንመለስ፣ ማታቱ ታክሲው ውስጥ ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ማንነታችንን ሳያውቅ፣ ወይም እያወቀ፣ «ያ የሊሙሩው ሰውዬ በልቷል እኮ፤ እንዲህ ያለች ኳስ በባዶ አትሳትም» እያለ ለጎረቤቱ ያወራለታል። ሙራጉሪ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኔ ዞር ልልበት ስል እጄን ያዘኝ።

በሳምንቱ ትልቋ ልጁ ትምህርት ቤት ተጣልታ፣ ቀሚሷ ተቀዶ መጣች። አባትሽ ጨዋታ ሸጠ ብለዋት ነው። ያን ቀን ሙራጉሪ ለሙምቢ ማለላት፤ አንድ ዓመት ብቻ ይጫወታል። ካላሸነፈ ዱላዎቹን ለሰው ሰጥቶ ኒያሁሩሩ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ድንች ይተክላል፤ ልጆቹም የእሱን ስም ማንም የማያውቅበት ትምህርት ቤት ይገባሉ። ሙምቢ ይህን ስትነግረኝ በዜማ አልነበረም።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ጊዜ ይሆናል ብዬ አላምንም። አራት ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ምት፣ አንድ ዓይነት ቦታ። ከጀርባው ሰው አለ አልኩ። የቀረኝ ማን እንደሆነ ማወቅ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አጭሯን የሚመታበትን ዱላ ነው። ሰው አጣሞበት ይሆናል ብዬ ቤቴ ወስጄ ከበሩ መቃን ጋር አስተያየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዬ ስር ነው የሚያድረው። ቀጥሎ ውሃውን ጠረጠርኩ፤ ከቤቴ አፍልቼ ይዤለት መሄድ ጀመርኩ። ቀጥሎ ጫማውን። ሙምቢ በበኩሏ ሌላ ሴት ጠርጥራ ኖሮ፣ ሸሚዙን እያሸተተች ስታጥብ አገኘኋት። ሁለታችንም አፍረን ስለ ድንች ዋጋ አወራን።

ከዚያ ኦዴሮ ላይ ደረስኩ። ኦዴሮ የባራሳን ቦርሳ የሚሸከም ሰው ነው፤ ባራሳ ከካካሜጋ የመጣ ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ ናይሮቢም ኤልዶሬትም ያሸነፈን እሱ ነው። ታዲያ ሙራጉሪ አጭሯ ላይ ሲቆም ኦዴሮ ሁሌ እጁን ኪሱ ይከታል። ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ሿ ሲል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ፤ የሰማሁ ይመስለኛል። ሻይ ጋበዝኩትና እያዋዛሁ መረመርኩት። ሰውዬው ማንዳዚ ብስኩቱን እየደራረበ ስለ ኪሱሙ ዓሣ ሲያወራኝ ዋለ እንጂ አንዲት የረባ ነገር አልወጣውም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ንጹሕ ሰው ስለ ዓሣ ይህን ያህል አያወራም።

የቀረኝ ሰኞ ነበር። ሰኞ ክበቡ ለአባላት ዝግ ነው፤ ሜዳው የእኛ የቦርሳ ተሸካሚዎቹ ነው። ሙራጉሪ ባለሙያ ከሆነ በኋላም ሰኞን አልተወም፤ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። እኔ ሰኞ ክበብ አልሄድም፣ ልብስ የማጥብበት ቀን ነው። ስለዚህ ሙራጉሪ ከዓይኔ የሚወጣው ሰኞ ብቻ ነው ማለት ነው። ልብሱን ዘፍዝፌ ትቼ ሄድኩና ከጥዶቹ ኋላ ተደበቅኩ።

አብሮት ያየሁት ንጎቶን ነው። ንጎቶ የበሩ ላይ ተራ አስከባሪያችን ነው፤ ማን የማንን ቦርሳ እንደሚይዝ የሚደለድለው እሱ ነው። አጭር፣ ክረምት ከበጋ የሱፍ ኮፍያ የማይለየው፣ ሲስቅ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ የሚሰማ ሰው ነው። ሁሌ የሚስቅ ሰው አልወድም። ለእኔ የመጀመሪያዋን ቦርሳ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ሌሎቹ የሴት ትከሻ አይችልም ሲሉ ችላ ታሳያችኋለች ያለው እሱ ነው። ለምን እንዲያ እንዳለ ያኔም ጠርጥሬዋለሁ። ከሙራጉሪ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አይለያዩም፤ እንዲያውም አንድ ሰሞን ከሙራጉሪ እሱ ይሻል ነበር የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሙራጉሪ ከሩቅ ገፋት፤ ኳሷ አንድ እርምጃ ቀርቷት ቆመች። አጭሯ! አንገቴን አሰገግኩ። ንጎቶ ሳቅ ብሎ፣ «ይበቃል፤ አንሳት፣ ሻምፒዮን» አለው። ሙራጉሪ ጎንበስ ብሎ አነሳት፤ ሰጠው ይባላል፣ እንደገባች ተቆጥራ ሄዱ። ሁለተኛው ላይ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ አጭሯ የቀረችው ለንጎቶ ነበር፤ ሙራጉሪ ምንም ሳይናገር ኳሷን በእግሩ ወደ ንጎቶ መለሳት። እነሱ ሲሄዱ እኔ ከጥድ ወደ ጥድ እያልኩ እስከ መጨረሻው ተከተልኳቸው። ሙራጉሪ ቀኑን ሙሉ አንዲት አጭር አልመታም። አንዲት።

ደሜ ፈላ። ከእኔ ጋር ሲለማመድ የሩቁን ብቻ ነው የሚለማመደው፤ አጭሯንማ ምን ልለማመዳት ይለኛል። በውድድር መሀልም ቢሆን እየተራመደ፣ ሳያስባት ነው የሚገፋት። ሰኞ ደግሞ ጭራሽ አትመታም። እንግዲህ ማሰብ ግድ የሚሆንበት ቀን ሲመጣ፣ አገር ቆሞ ሲያየው፣ እጁ የሚያስታውሰው ነገር የለውም ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ዓመት ዱላውን አልጋዬ ስር ሳሳድር በሽታው እዚህ ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲጫወት ነበር።

ከጥዱ ወጥቼ ንጎቶን ያዝኩት። መቼ ጀመርከው፣ ማን አዘዘህ አልኩት። ሳቀ።

«ፖሊሷ፣ ሻምፒዮን እንደ ጀማሪ አጎንብሶ አንዲት እርምጃ ሲገፋ ማየት ነውር አይደለም? አክብሮት ነው እኮ።»

አክብሮት ይለኛል! ሰውዬውን አራት ጊዜ የቀበረው ይኼው አክብሮት ነው። አፉ ሲስቅ ዓይኑ ግን አልሳቀም፤ አይቻለሁ። ተራ አስከባሪ ሆኖ በር ላይ የቀረ ሰው ጥሎት ያለፈውን ጓደኛውን ሰኞ በመጣ ቁጥር እያለሰለሰ፣ እያለሰለሰ ሲጥለው ቢሆንስ? በፈገግታ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ምስክር የለውም። እንደዚህ ነው ያሰብኩት፤ አልደብቅም።

ለሙራጉሪ ነገርኩት። ይሄ ሰው ድምፁን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሰማሁ። ንጎቶን እንዳትነኪው አለኝ። ይባስ ብሎም ከኦዴሮ ጋር ሻይ ስትጠጪ ታይተሻል፣ ምን ፈልገሽ ነው አለኝ። እኔን! ቦርሳውን ከትከሻዬ አውርጄ እግሩ ስር አስቀመጥኩት። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠረጥር የኖርኩ ሴትዮ፣ መጠርጠር እንዲህ እንደሚያም ያን ቀን ገና አወቅኩት።

ግን አልሄድኩም። ከቦርሳው አንዲት ኳስ አውጥቼ ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ላይ አስቀመጥኩና ምታት አልኩት። ይቺን እንዴት እስታለሁ ዓይነት አየኝ። ካስገባሃት እኔ ሌባ ነኝ፣ ሌላ ተሸካሚ ፈልግ አልኩት። መታት፤ ሳታት። መልሼ አስቀመጥኳት፤ ሳታት። ዋንጫ የለ፣ ሕዝብ የለ፣ እኔና እሱ ብቻ ነን። ምታት ስለተባለ ብቻ እጁ ደነገጠ። ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከነገ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ አጭሯን እንለማመዳለን አለ፤ ግን ንጎቶ እንዳይሰማ፣ ሰኞም እንደ ድሮው ይሁን።

ማለዳ ማለዳ ጉሙ ከሻይ ማሳው ሳይነሳ ሜዳ ላይ ነን። እሱ ይመታል፣ እኔ እሰድበዋለሁ። አገሩን ሁሉ ሆኜ ነው የምሰድበው፤ ማታቱ ውስጥ የነበረውን ሰውዬ እሆናለሁ፣ ባራሳን እሆናለሁ፣ የቤቴን ቁልፍ አንሿሿለሁ። አንድ ቀን ሙምቢን ሆኜ በዜማ ብቆጣው ከት ብሎ ሳቀ፣ እየሳቀም አስገባት። ከዚያ በኋላ ልምድ ያዘ፤ አጭሯ ላይ ሲቆም የሚስቱን መዝሙር በአፍንጫው ያንጎራጉራል፣ ኳሷም ትገባለች። ወራት ሲያልፉ መሳቱን ተወ ማለት ይቻላል። ሰኞ ሲመጣ ግን ሳምንቱን ሙሉ የገነባነውን አፍርሰው፣ ከንጎቶ ጋር አንሳት፣ አንሳት ሲባባሉ ይውላሉ።

ይሄ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። ሙራጉሪ ሞኝ አይደለም፤ ምኑ እንደሚጎዳው አሁን ያውቃል። እያወቀ ለንጎቶ እምቢ ማለት ለምን አቃተው? ንጎቶ ምን ያውቅበታል? ምን ይዞበታል? በሩ ላይ ባለፍኩ ቁጥር ንጎቶ እየሳቀ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ሰላምታውን ተቀብዬ፣ ዞር ዞር እያልኩ ከዓይኔ እስኪጠፋ አየዋለሁ። ውድድሩ የደረሰው ይህን ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው።

በዚህ ዓመት ሻምፒዮናው የመጣው እዚሁ፣ የእኛው ክበብ ነበር። እንግዳ ሜዳ አይደለም፣ እንግዳ ነፋስ የለም፤ ምክንያት የሚባል ነገር ሁሉ አልቋል። የመጨረሻው ቀን ሙራጉሪና ባራሳ አብረው ወጡ፤ ኦዴሮና እኔም ጎን ለጎን። ቀኑን ሙሉ ኦዴሮን ከዓይኔ አላጠፋሁትም። ውሃ ቢሰጠኝ አልጠጣሁም። ሙራጉሪ ጥሩ ተጫወተ። አጭሯ አራት አምስቴ መጣችበት፤ አንጎራጎረና አስገባት። ባራሳ ሲከተለው ቆይቶ ወደ ማብቂያው አንድ ኳስ ሻይ ማሳ ውስጥ ጣለ።

የመጨረሻው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ አገር ምድሩ ሳሩን ከቦ ቆሟል። የሰኞ ተሸካሚዎች በሙሉ ሕዝቡን በሚያግደው ገመድ ጥግ ተደርድረዋል፤ ንጎቶ በሱፍ ኮፍያው መሀላቸው አለ። ሙምቢ ከመዘምራኑ ጋር ናት፤ ትልቋ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛለች። ባራሳ የእሱን አስገብቶ ጨረሰ። ሙራጉሪ ከሩቅ ገፋት፤ ኳሷ ተንከባልላ ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ላይ ቆመች። ካስገባት ባራሳን በሁለት ይበልጠዋል። ቢስታት እንኳ በሚቀጥለው አስገብቶ በአንድ ይበልጠዋል። ነገሩ ያለቀ ነው፤ ሕዝቡ ከአሁኑ ማጨብጨብ ጀመረ። ሙራጉሪም ፈገግ አለ፣ ትከሻው ወረደ። በውድድር ላይ ትከሻው ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ኦዴሮ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ያዝኩህ አልኩ በሆዴ። ጠጋ ብዬ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እጅህን አውጣ አልኩት። ደንግጦ አወጣ። መሀረብ ነው። ላቡን ሊጠርግ ነው። ቁልፍም የለ፣ ምንም የለ። እኔ የሰውዬውን መሀረብ አፍጥጬ ሳይ፣ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ የሚሰማው ያ ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

«ይበቃል፤ አንሳት፣ ሻምፒዮን!»

ስዞር ሙራጉሪ ጎንበስ ብሎ ቀና ብሏል። ኳሷ እጁ ላይ ናት።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። እሱ ገና አልገባውም፤ ልክ ሰኞ የሆነ ይመስል ሊወረውርልኝ እጁን አነሳ። የገባው ፊቴን ሲያይ ነው። በውድድር ኳስ ሳትገባ፣ ቦታዋም ላይ ምልክት ሳይደረግ አትነሳም፤ ይህን ትንሿ ልጄም ታውቃለች። ዳኛው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ አዛውንት፣ ቀስ ብለው መጡ። እሳቸውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። አንድ ምት ይጨመርብሃል፣ ኳሷን ወደ ቦታዋ መልሳት አሉት። አሁን ካስገባት የሚያሸንፈው በአንድ ነው። ከሳታት ከባራሳ እኩል ሆነው እንደገና ሊጫወቱ ነው፤ ያን ፊት ይዞ እንደገና የሚጫወት ሰው ደግሞ መጨረሻው ምን እንደሚሆን አራት ጊዜ አይተናል።

በገመዱ ማዶ ንጎቶን አየሁት። ኮፍያውን አውልቆ አፉ ላይ ደፍኖታል። ራሱ መላጣ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሄጄ ላንቀው አንድ እግሬን አንስቼ ነበር፤ ሙራጉሪ ጠራኝ።

ኳሷን ቦታዋ መልሷታል። ዱላው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። መዝሙሩ ጠፍቶበታል።

«ጋቶኒ፣ የሚሰጠኝ ሰው አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም» አልኩት። «ማንም አይሰጥህም። ምታት።»

አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። ቆየ። እኔ ኦዴሮንም ንጎቶንም ትቼ እጁን ብቻ አየሁ። መታት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከንፈሩ ጋ ስትደርስ ያመነታች መሰለኝ፣ ምናልባት ያመነታሁት እኔ ነኝ፤ ገባች። ጉድጓዱ ውስጥ ስትወድቅ ሰማኋት፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት ግን አላስታውሰውም። ሙምቢ መሬት ላይ ተንበርክካለች። ትልቋ ልጅ በገመዱ ስር ሾልካ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

እኔ የሄድኩት ወደ ንጎቶ ነው። የሹራቡን አንገት ጨምድጄ ማን ላከህ አልኩት። አፌ ነው፣ አፌ ነው የተናገረው ይላል፤ ያለቅሳል። ያ ሁሉ ሳቅ ያለው ሰው ሲያለቅስ ድምፅ የለውም። ተሸካሚዎቹ ሊያላቅቁን ቢሞክሩ አልተቻልኩም። ሙራጉሪ ዋንጫውን ገና ሳይቀበል፣ ልጁን እንዳቀፈ መጣና በአንድ እጁ ጣቶቼን ፈታ።

«ልቀቂው» አለኝ። «የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

ነገሩን የነገረኝ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሻይ ይዘን ነው። ባለሙያ በሆነበት ዓመት ፈተናው እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር፤ ከክበባችን የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ሲመራ የነበረው ንጎቶ ነው። አጭሯ ቀረችው። ሳታት፤ ደንግጦ ቀጣይዋንም ሳታት፤ ሙራጉሪ አለፈ። በሚቀጥለው ሰኞ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ንጎቶ አጭሯ ላይ ቆሞ መምታት አቃተው። ዱላው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ተሸካሚው ሁሉ ያያል፣ መሳቅ የጀመሩም ነበሩ። ሙራጉሪ አንጀቱ አልችል ብሎት ሄደና ኳሷን አንስቶ ወረወረለት፤ ይበቃል፣ ሰጥቼሃለሁ አለው። ከዚያ ቀን በኋላ በእነሱ መሀል አጭር ተመታ አታውቅም። ንጎቶም በተራው ውለታውን ሲመልስ ኖረ። ሰኞን ባፈርስበት ያቺን ቀን መልሼ አመጣበታለሁ ብሎ ነው ሙራጉሪ ዝም ያለው፤ ዝም ብሎ አራት ዋንጫ አሳለፈ፣ ልጁም ቀሚሷ ተቀደደ።

ንጎቶ ዓይን ላይ ያየሁት ነገር ምቀኝነት ነው ብዬ ነበር። ሙራጉሪ ሲነግረኝ እፍረት ነው መሰለኝ። ገመዱ ጥግ ሆኖ የጮኸውን ግን ልማድ ብቻ ነው ብዬ ሙሉ በሙሉ ልማል አልችልም፤ ግማሹን አምኜዋለሁ። ለእኔ ግማሽ ብዙ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ልብሴን ዘፍዝፌ ትቼ ክበብ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ጥድ ኋላ አልተደበቅኩም። ንጎቶ የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ሙራጉሪ ቤቱ ሄዶ ጎትቶ አመጣው። ኮፍያው ራሱ ላይ ተመልሷል፣ ሳቁ ግን አልተመለሰም። የመጀመሪያውን ምት ሲመታ ኳሷን ሻይ ማሳ ውስጥ ጣላት፤ ከቦርሳዬ ሌላ ሰጠሁት። የተላጨው ሳር ላይ ስንደርስ ለሙራጉሪ አጭሯ ቀረችው። ንጎቶ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሙራጉሪ መትቶ አስገባት።

ቀጥሎ የንጎቶ ተራ ሆነ። ከሩቅ ገፋት፤ አንድ እርምጃ ቀርቷት ቆመች። እጁን ሳያስበው ወደ መሬት ዘረጋ።

«ተዋት» አለው ሙራጉሪ። «ምታት፣ ወንድሜ።»

ንጎቶ ተሸካሚዎቹን አየ። እኔን አየ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎተተው። መታት፤ ሳታት። አንዱ ሊስቅ ሲል በዓይኔ አስቀመጥኩት። ሙራጉሪ ኳሷን በእግሩ እያንከባለለ ወደዚያው ቦታ መለሳት። ሳታት። መለሳት። ከኋላችን ተራቸውን የሚጠብቁት ሳሩ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ የተጠበሰ በቆሎ ሲያወጣ መካፈል ጀመሩ። ሳታት። መለሳት። የንጎቶ ላብ በኮፍያው ስር ይወርዳል፣ እጁ ግን እየቆየ ረጋ። ስንት ጊዜ እንደመታት አልቆጠርኩም። ገባች።

ማንም አላጨበጨበም። ንጎቶም አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ከጉድጓዱ አወጣት፣ በሹራቡ ጠረጋት፣ ኪሱ ከተታት። ኳሷ ከእኔ ቦርሳ የወጣች ነበረች። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።